ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ የእንጨት ፊደል

ሰብስቤ አብተው ልጁን ታቅፎ በግቢው በር ሲገባ፣ ዘመናይ በሆዷ «ተመስገን» አለች። ደግ ነገር አስባ እንዳይመስላችሁ። ባሏን ያስገደለባት ሰው የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጁን በገዛ እጁ ሲያመጣላት፣ ጠላቴ እጄ ገባ ብላ ነው ያመሰገነችው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ዘመናይ ግን ሁለቱንም ትችልበት ነበር።

መስከረም 1970 ዓ.ም. ነው። ናዝሬት ክረምቱ ገና ሳይወጣ አቧራዋ የጀመራት፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ሁሉ መፈክር የተጻፈበት ጊዜ። ሰብስቤ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ካኪ ለብሷል፤ ልጅቷ ትከሻው ላይ ተለጥፋ ጣቷን ትጠባለች።

«ጓድ ዘመናይ፣ ከላይ መመሪያ መጥቷል» አለ። «እናቶች ለምርት እንዲሰለፉ እያንዳንዱ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ይክፈት ተብሏል። ይህን ሥራ የተማረ ሰው ካንቺ ሌላ የለንም። እኔም ለሕዝቡ አርአያ ልሁን ብዬ የመጀመሪያዋን ልጅ ይዤ መጣሁ። እናትነሽ ትባላለች።»

ዘመናይ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ወደ አዲሱ ትከሻ ተሻግራ ጣቷን መጥባቷን ቀጠለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሴትዮዋን በከንቱ ክፉ ትሏታላችሁ።

ዘመናይና ባሏ ኃይለየሱስ ከአባቷ በወረሰችው ቤት ውስጥ ትምህርት ቤት የከፈቱት በ1962 ነበር። ሙያውን አዲስ አበባ ከአንዲት ጣሊያናዊት መነኩሴ ተምራዋለች። ሞንቴሶሪ የሚሉት የልጅ አያያዝ ነው። ልጅ ማድጋ አይደለም፣ ከላይ አይሞላም፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አእምሮው ይከተላል ነው ነገሩ። ዕቃው ሁሉ በልጅ ቁመት ይቀመጣል። ልጁ ራሱ መርጦ ያወርዳል፣ ሲጨርስ ራሱ ይመልሳል። መምህሯ አትጮህም፣ አርጩሜ አታነሳም፣ «ተሳስተሃል» እንኳ አትልም። አሥሩ ድቡልቡል እንጨቶች እያንዳንዳቸው በየልካቸው ጉድጓድ ካልገቡ መጨረሻ ላይ አንዱ ቦታ ያጣል፤ ልጁ ያያል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይጀምራል። የናዝሬት ሰው መጀመሪያ ሳቀባት። «ሀ ሁ ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ያልጮኸ ልጅ ምን ተማረ ይባላል?» አለ። ኋላ ግን ልጆቹ በአራት ዓመታቸው መጻፍ ሲጀምሩ ሳቁን ትቶ ልጁን ማምጣት ጀመረ።

የፊደሉን ሥራ የሠራው አናጺው ወዬሳ ነው። ከሻሸመኔ በመጣ ዝግባ ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም ፊደል፣ እያንዳንዱን የሕፃን መዳፍ እያሳከለ፣ ከጣውላው ላይ ጎልቶ እንዲወጣ አድርጎ ቀረጸ። ፊታቸው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ተለጠፈ፤ ልጅ በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ቅርጹን በእጁ እንዲያውቀው። ሙጫውን እየቀባ የለጠፈው ደግሞ የግቢው ዘበኛ ነበር። ዘበኛው ሰብስቤ ይባላል። ያን ጊዜ ዘመናይን «እርስዎ» ይላት ነበር።

አብዮቱ ፈነዳ፣ ሰብስቤ ሊቀመንበር ሆነ፣ «እርስዎ» ቀረና «አንቺ» መጣ። ይህም ይሁን። ሰውዬው ግን ቤቱን ለቀበሌው አዳራሽ ከጀለ። ግንቦት 1969 ጧት በሦስት ሰዓት አብዮት ጠባቂዎች ለአሰሳ ገቡ። መሣሪያ ፈለጉ፣ የለም። ወረቀት ፈለጉ፣ የለም። ሰብስቤ ቀጥ ብሎ ወደ መደርደሪያው ሄደና የፊደሉን ሳጥን አወረደ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። ሰብስቤ አንድ ፊደል ከፍ አድርጎ፣ «ጓዶች፣ ይህ የአናርኪስቶች ማተሚያ ነው! ሌሊት ሌሊት በራሪ ወረቀት ሲታተምበት እኔው ራሴ በዘበኝነቴ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ!» አለ። ከተሰበሰበው ሕዝብ ግማሹ ልጁ በዚያ ፊደል የተማረለት ነው። ዘመናይ ብድግ ብላ «መጫወቻ ነው! የልጆቻችሁ መጫወቻ ነው!» ብላ ጮኸች። የሰማት አልነበረም፤ የሰማትም አልሰማሁም አለ። ግራ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ኃይለየሱስን ወሰዱት፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ስንቅ አታምጪ» አሏት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ሰው፤ እዚህ ግን አይጥም አልነበረ።

ቤቱ ተወረሰ። የትልቁ ክፍል ግድግዳ ፈርሶ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። ዘመናይን በገዛ ግቢዋ፣ ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለቀቁላት።

እንግዲህ ሰብስቤ ልጁን ያመጣው ወደዚች ሴት ነው። ድፍረቱ ይህ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። በማግስቱ የቀበሌውን መጋዘን አስከፍቶ የፊደሉን ሳጥን አስመጣና ከፊቷ አኖረው። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ኤግዚቢት 17» ተጽፎበታል።

«ያች ዕቃሽ» አላት። «ለሥራሽ ትሆንሻለች።»

ዓይኑ እንኳ አልሸሸም። ማተሚያ ነው ብሎ ሰው ያስገደለበትን ዕቃ ለገዛ ልጁ መማሪያ ሰጠ። ሳጥኑ ዋጋው አልቋል፤ ቤቱን አግኝቶበታል፤ ከእንግዲህ መጫወቻ ቢሆን ምን ገዶት።

ዘመናይ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ሲሄድላት ለራሷ ማለች። ከገዛ ቤቷ በተሠራው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ «መጫወቻ ነበር፤ አውቅ ነበር» የሚለውን ቃል ከዚህ ሰውዬ አፍ ትሰማለች። ቃሉን የምታወጣውም ይቺ ታቅፎ ያመጣት ልጅ ናት። ሌላ አልተመኘችም፤ ይሙት አላለችም፣ ይታሰር አላለችም።

አናጺው ወዬሳ የተሰበረ መደርደሪያ ሊጠግን ሲመጣ ልጅቷን አያት።

«አከም ቡልቴ ዘመናይ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሱን ልጅ ተቀበልሽ? ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ምንም። ሌላውን ልጅ እንደማሳድገው አሳድጋታለሁ። ያየችውን የምትመረምር፣ የመረመረችውን የምትናገር፣ ማንንም የማትፈራ አድርጌ። ሳትቋረጥ፣ ከመራመድ እስከ ስምንተኛ ክፍል።»

«ይኼ ምኑ በቀል ነው?»

«ጋሽ ወዬሳ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ለእንደሱ ያለ አባት ምን እንደምትሆን ያን ጊዜ ያያሉ።»

ወዬሳ መዶሻውን አስቀመጠ። «ልጅቱስ?» አለ።

ዘመናይ ሳጥኑን ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ቀዩ ቁጥር ወደ ውጭ ዞሮ፣ የሕፃን ዓይን በሚያርፍበት ቦታ አስቀመጠችው። መነኩሲቷ ያስተማረቻት ይህንኑ ነው፤ ለልጅ አትንገሪው፣ ቦታውን አዘጋጂለትና ራቂ።

እናትነሽ ያደገችው እንዲህ ነው። ውሃ የምትጠጣው በጣሳ ሳይሆን በትንሽ ብርጭቆ ነበር፤ ሲሰበርባት ማንም አልቆጣትም፤ መጥረጊያ በልኳ ተሰጣትና ስብርባሪውን ራሷ አነሳች። ከዚያ ወዲያ የሰበረችው ሁለት ብቻ ነው። በሦስት ዓመቷ ድቡልቡሎቹን እንጨቶች አርባ ጊዜ ስትጨምርና ስታወጣ ዘመናይ ቆጠረች፤ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ መዝሙር ሲለቅ እንኳ ቀና አላለችም። እንዲህ ያለ ልጅ ሲሠራ አይነካም፤ አይሞገስም እንኳ። በአራት ዓመቷ አንድ ቀን ጠመኔ አንስታ ወለሉ ላይ «በር» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ «በሬ»፣ ቀጥላ «በርበሬ»። እየሳቀች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላችው። ዘመናይ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ ይሁን የንዴት ራሷም አላወቀችው።

ልጅቷ ሰባት ዓመት ልትሞላ ስትል ነገሩ ሊበላሽ ነበር። ሰብስቤ መጣና፣ «እንግዲህ ጨዋታው ይብቃ፤ አንደኛ ክፍል ትገባለች» አለ።

ዘመናይ ደሟ ፈላ። በዚህ ዕድሜ ከእጇ የወጡ ልጆችን አይታለች። ፈይሳ የሚባል የጋሪ ነጂ ልጅ ነበር፤ ጥያቄው የማያልቅ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ሰማንያ ልጅ ከታጨቀበት ክፍል ገባ፤ በዓመቱ ስታገኘው እንኳን ሊጠይቅ፣ ሲጠሩትም ደንግጦ የሚነሳ ልጅ ሆኗል። መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው ሳይቆም የቀረ ቤት ዝናብ ይበላዋል።

«ትግባ» አለች ቀስ ብላ። «ትምህርቱ በፈረቃ አይደል? ግማሽ ቀን እዚያ ትዋል፣ ግማሽ ቀን ወደኔ ትምጣ። ልጅ መሃል ላይ አይቋረጥም፣ ጓድ ሰብስቤ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ብትተዋት ሚኒስትሪ ላይ የሚቀድማት አይኖርም።»

ሚኒስትሪ ሲባል ሰብስቤ ጢሙን ዳበሰ። ስምንተኛን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ልጁ የአገሩን ፈተና አንደኛ ወጣች ሲባል ታየው። «እስከ ስምንተኛ» አለና እሺታውን ሰጠ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሌሎችም ወላጆች የሊቀመንበሩን ልጅ እያዩ የራሳቸውን አስከተሉ፤ የኋላው ክፍል ከሚድኸው እስከ ጢም አብቃዩ በአንድነት የሚውሉበት ሆነ።

ዓመታቱ ሄዱ። እናትነሽ ወደ ታናሾቿ እየወረደች፣ ወደ ታላላቆቿ እየወጣች አደገች። ቶይባ የምትባለውን የልብስ ሰፊ ልጅ ሳድስና ሳብዕ ሲያደናግራት ፊደሉን እያስዳሰሰች ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ስታስተምር ራሷ ያልገባትን አወቀች። በመንግሥቱ ትምህርት ቤት መምህሩ የተሳሳተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እጇን ታወጣለች፤ ስትገረፍም «ግርፋቱ ሒሳቡን አያስተካክለውም» ብላ ትቀመጣለች። ይህን የሰማው ሰብስቤ በየመሸታ ቤቱ እያወራ ኮራበት። ሞኝ።

በዘጠኝ ዓመቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ተደግፋ፣ «እትዬ ዘመናይ፣ ኤግዚቢት ምንድን ነው?» አለች።

ዘመናይ ሁሉንም ልትዘረግፈው አፏ ዳር ደረሰ። «መዝገበ ቃላቱ የት እንዳለ ታውቂያለሽ» ብላት ፊቷን አዞረች።

ልጅቷ ፈልጋ አገኘች፤ ለክስ ማስረጃ የቀረበ ዕቃ ማለት ነው። ግንባሯን ቋጥራ ሳጥኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያን ቀን ሌላ አልጠየቀችም።

አሥራ ሁለት ሲሞላቸው ዘመናይ ታላላቆቹን ከኋላ ወዳለው ባዶ መሬት አወጣቻቸው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ወንበር አይበቃውም፤ መሬት ያስፈልገዋል፣ ኃላፊነት ያስፈልገዋል። ፓፓያና ሽንኩርት ተከሉ። የዶሮ ቤት ሠሩ፤ አንዴ ወደቀ፤ ስብሰባ ተቀምጠው ለምን እንደወደቀ ተነጋግረው እንደገና ሠሩት። ላንጋኖ ድረስ በጭነት መኪና ተሳፍረው ሄደው የሐይቁ ውሃ ለምን ቡናማ እንደሆነ ዓሣ አስጋሪ ጠይቀው፣ በጠርሙስ ቀድተው መጡ። በዚያ ዘመን ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ለውትድርና በሚታፈስበት ከተማ፣ እነዚህ ልጆች አለቃ ሳይጮህባቸው መሥራት የሚያውቁ ሆነው ወጡ። ዘመናይ በቀል ብላ የጀመረችው ሥራ እንዲህ አማረ፤ እሷ ግን ማማሩን ሳይሆን ቀኑን ትቆጥር ነበር።

የቀድሞው ትምህርት ቤት አንድ ልማድ ነበረው። ስምንተኛን የሚጨርስ ልጅ አንድ የራሱን ጥያቄ ይመርጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ይመረምራል፣ ሰኔ ላይ በወላጆች ፊት ያቀርባል። በ1982 መስከረም እናትነሽ ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። «የፊደሉ ሳጥን ላይ ቀይ ቁጥር ለምን ተጻፈ?» ይላል።

ዘመናይ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችው። «መልካም ጥያቄ ነው» አለች። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችና በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሳቅ ነው።

ልጅቷ ለአባቷ «የቀበሌያችንን የቆየ መዝገብ ማየት እፈልጋለሁ» አለችው። ሰብስቤ የልጁ ምርምር አብዮቱን የሚያወድስ መስሎት ቁልፉን ራሱ አውጥቶ ሰጣት። ምን ነበር በዚያ መዝገብ ያለው ብሎ እንኳ አላሰበም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይሄ ነው። ስንቱን ፈርሞ ስንቱን ያስታውስ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተለወጠች። ሳቋ ቀረ። ከተማው ውስጥ ወዳለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ሁለት ቀን ተመላለሰች። ወዬሳ ዘንድ ሄዳ ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። ዘመናይ ልትጠይቃት ምላሷን ነክሳ ተወችው፤ ልጅ ሲሠራ አይነካም።

ወዬሳ ግን በሦስተኛው ቀን እየተነጫነጨ መጣ። አርጅቷል፤ በትር ይዟል።

«ጠየቀችኝ፣ የማውቀውን ነገርኳት» አለ። «ዘመናይ፣ ስታለቅስ ድምፅ አታወጣም፤ ዝም ብላ ነው የምታለቅሰው። ይብቃሽ። ልጅቱን አስቁሚያት።»

«እኔን ማን አስቆመልኝ?» አለች ዘመናይ። «ያን ቅዳሜ እጅዎን አላወጡም፣ ጋሽ ወዬሳ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እሱም አውጥቶ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። የዘመናይ አሮጌ ክፍል ነው፤ የፈረሰው ግድግዳ ምልክት ወለሉ ላይ አሁንም ይታያል። በየካቲት ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ የሰዉ አፍ ትንሽ ላላ ብሏል፤ የግድግዳው መፈክርም ግማሹ ተልጧል። ሰብስቤ በአዲስ ሱፍ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ ሁለት እንግዶች ከላይ ጋብዟል፤ የሚኒስትሪ ፈተናው በቅርቡ ተወስዶ፣ ልጁ አንደኛ እንደምትወጣ ለእንግዶቹ በጆሮ እየነገራቸው ነው። ዘመናይ ከግድግዳው ጥግ ቆማለች።

እናትነሽ ሳጥኑን ይዛ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ አኑራ ክዳኑን ለሕዝቡ አሳየች።

«ይህ ቁጥር የተጻፈው ግንቦት 1969 ነው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ግን ኋላ ድረስ የሚሰማ ነበር። «ቃለ ጉባኤውን አነባለሁ። ‹እኔ ሰብስቤ አብተው በግቢው ዘበኛ ሳለሁ በእነዚህ ፊደላት በራሪ ወረቀት ሲታተም በዓይኔ አይቻለሁ።› ከሥሩ ፊርማ አለ። ቀጥሎ ‹መምህር ኃይለየሱስ ላይ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዷል› ይላል።»

ሰብስቤ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ማስረጃው እውነት መሆኑን መመርመር ነበረብኝ» አለች። አንድ ፊደል አነሳች፣ «ገ» ነበር። ከብልቃጥ ቀለም ቀባችው፣ ነጭ ወረቀት ላይ ተጭና አነሳችው፣ ወረቀቱንም ከፍ አደረገች። «ገ» ፊቷን ወደ ሌላ ጎን አዙራ ተገልብጣ ታትማለች። «ማተሚያ ቤት ሄጄ ጠይቄአለሁ። የማተሚያ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚሠራው፣ ሲታተም እንዲቃና። ከብረት ነው፣ ትልቁ የጣት ጥፍር ያህላል። በእነዚህ የታተመ በራሪ ወረቀት ቢኖር ማን ያነበው ነበር?»

ፊደሉን መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

«ብርጭቆ ወረቀቱን ሙጫ ቀብቶ የለጠፈው አባቴ እንደሆነ ጋሽ ወዬሳ ነግረውኛል። በሚቀጥለው ዓመት ሳጥኑን ለመዋዕለ ሕፃናቱ የሰጠው እሱው ነው።» ወደ ፊት ወንበር ዞረች። «አባዬ፣ መጫወቻ እንደነበር ታውቅ ነበር?»

«ማን ነው ይህን ያስጻፈሽ?» ሰብስቤ ብድግ አለ። ጣቱ ወደ ጥጉ ዞረ። «ይቺ ናት!»

«እትዬ ዘመናይ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ያነበብኩት አንተ በሰጠኸኝ ቁልፍ ከፍቼ ነው። ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

ሰብስቤ እንግዶቹን አየ፤ አንገታቸውን አዞሩ። ሕዝቡን አየ፤ ሕዝቡ መሬት መሬቱን ያያል፤ የገዛ እጁን ያስታወሰ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ልጁን አያት። ይቺን ልጅ ስትዋሽ ሰምቷት አያውቅም፤ እሱም ሊዋሻት ሞክሮ ሳያቅተው የቀረበት ጊዜ የለም። እንደ ሰከረ ሰው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«መጫወቻ ነበር» አለ። «አውቅ ነበር። ቤቱን... ቤቱን ፈልጌ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እዬዬ!» አለች፤ እሷን ተከትሎ አዳራሹ ታመሰ። ዘመናይ ደስ አላት። ልሸፋፍንላት አልችልም፤ እልል ማለት ነበር የቀራት። አሥራ ሦስት ዓመት ሆዷ ውስጥ እንደ ድንጋይ የተቀመጠው ነገር ተነቅሎ ወጣ፤ ቀለላት፤ ኃይለየሱስን በስሙ ጠራችው።

«ጽሑፌ አላለቀም» አለች እናትነሽ።

ልጅቷ ገጹን ገለጠች።

«ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ሳጥኑን እዚያ ማን አስቀመጠው የሚል ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በየዓመቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ ሳጥን አንድም ቀን አልተነሳም። ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ወደ ውስጥ አዙሬ አስቀምጬው በማግስቱ ወደ ውጭ ዞሮ አገኘሁት። እትዬ ዘመናይ፣ ያዞሩት እርስዎ ነዎት?»

ዘመናይ ከጥጉ ተንቀሳቀሰች። ልጅን ዋሽታ አታውቅም።

«እኔ ነኝ።»

«ሆን ብለው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

«ያሳደጉኝ ለዛሬ ነው?»

ዘመናይ ልትመልስ አየር ሳበች። ‹በርበሬ› ስትጽፍ ጓዳ ገብታ ማልቀሷን፣ ስትታመም ሦስት ቀን አጠገቧ መቀመጧን ልትነግራት ፈለገች። እውነት ነው፤ ግን የተጠየቀችው እሱን አይደለም። «መጀመሪያ ለዛሬ ነበር» አለች።

እናትነሽ ወረቀቶቿን እኩል አድርጋ አጠፈቻቸው።

«አባቴ አንድ ቀን ዋሽቶ ሰው ገደለ» አለች። «እርስዎ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳይዋሹኝ መሣሪያ አደረጉኝ። የትኛው እንደሚብስ አላወቅኩም። ይህን መርምሬ አልጨረስኩትም።»

ከመድረኩ ወርዳ ወደ ፊት ወንበር ሄደች። ሰብስቤ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ክንዱን ይዛ፣ «ተነስ አባዬ፣ ቤት እንሂድ» አለችው።

ያን ጊዜ ዘመናይ ጮኸች። በሃያ ዓመት ውስጥ ልጅ ላይ ጮሃ የማታውቅ ሴት፣ «ከሱ ጋር? ከሱ ጋር ነው የምትሄጂው?» ብላ አዳራሹን አናጋችው።

እናትነሽ ዞር አለች። አልተቆጣችም።

«ራስሽ ምረጪ ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። መረጥኩ።»

አባቷን ደግፋ በመሃል መተላለፊያው አለፈች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ዘመናይ የሰማችው ቃል አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ፣ ኃይለየሱስ ንጹሕ ነው ተብሏል፣ ሰብስቤ ከእንግዲህ በዚች ከተማ ቀና ብሎ አይሄድም። ዘመናይ የተመኘችው ሁሉ ሆነላት። በሩ ድረስ ሮጠች፤ አባትና ልጅ የለገሃሩን መንገድ ይዘው፣ እሷ በቀስታ እያራመደችው፣ ሲርቁ አየች። ልጅቷን ለመጥራት አፏን ከፈተችና፣ ለመጥራት መብት ይኑራት አይኑራት ሳታውቅ ቆመች።